ትርንጎን ማን ያሙቃት

ብርድ የያዘው ይጠጋ፤ የሞቀውም ቦታ ያካፍል። የማወጋችሁ ነገር እንደ ሰንሰለት ነው፤ አንዱን ቀለበት ያነሳ ሰው ሌላውን ሳያነሳ አይሆንለትም።

ከደጋ በላይ ባለ ደጋ፣ ደመና ሲደክመው አረፍ በሚልበት ሜዳ ላይ፣ ሰማይ ጥግ የምትባል ውርጫም መንደር ነበረች። ጥር ሲገባ የሰማይ ጥግ ሣር ነጭ ለብሶ ያድራል፤ ኩሬዋ እንደ ወተት ስልባቦት ትይዛለች፤ ሁለት ሰዎች ሰላምታ ሲለዋወጡ ከቃላቸው አስቀድሞ እንፋሎታቸው ይተቃቀፋል። በዚህች መንደር አጥናፉ የሚባል ሾፌር ይኖር ነበር። የሰው ሙሽራ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነውና የራሱ ተራ ሲደርስ አንድ ምኞት አደረበት፤ ጫጉላውን ጎማ ላይ ማድረግ። አሮጌ ሚኒባስ ገዛ፤ ወንበሮቹን ነቀለ፤ በቦታቸው አልጋና መደርደሪያ ገጠመ፤ ከበርሜል የተቆረጠ የብረት ምድጃ በጥግ አቆመ፤ ጣሪያውን ቀዶ የጢስ ቧንቧ ወደ ሰማይ አወጣ። ስሙንም «ቤት መኪና» አለው። ጫጉላው ሲያበቃ ሙሽራዪቱን ይዞ አገር ሊያሳያት፣ ከመሸበት ሊያድሩ፣ ከነጋበት ሊነሱ አሰበ።

ሙሽራዪቱ ትርንጎ ትባላለች፤ ከታች ከጀማ ሸለቆ የመጣች የቆላ ልጅ ናት። በአገሯ ጥር ማለት ሰው ጥላ የሚፈልግበት ወር ነው። በሰማይ ጥግ ግን ጥር ማለት ጥላ ራሱ ፀሐይ የሚፈልግበት ወር ሆኖ አገኘችው።

ሠርጉ አለፈ፤ ከበሮው ዝም አለ፤ ቤት መኪናውም በሙሽራው ወገን ግቢ፣ ከአጥሩ ሥር ቆመ። የመልሱ ቀን ነገ ሊሆን፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ትርንጎ የሠርግ ካባዋን ደርባ፣ በካባዋ ላይ ጋቢ ደርባ፣ በጋቢው ላይ ሌላ ጋቢ ደርባ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትንቀጠቀጥ ነበር። ዓይኗ ከምድጃው ጢስ የተነሳ ቀልቷል።

«አጥናፉ፣» አለችው፣ «አንተን መርጬ ዳገቱን ወጣሁ። ብርዱን ግን አልመረጥኩትም፤ ሽማግሌ ልኮም አልጠየቀኝም። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይህ ቤት ከሞቀ፣ ነገ ለመልስ ወርደን አብረን እንመለሳለን። ካልሞቀ ግን መልስ ብዬ የወረድኩ እናቴ ቤት እቀራለሁ።»

«ትቀልጃለሽ?»

«ጥርሴ እንዲህ እየተንቀጫቀጨ ቀልድ ከየት ይወጣል?»

አጥናፉ ልቡ እንደ ቀዘቀዘ ሞተር ተንገጫግጮ ቆመ። ሲፈልጋት ስንት ቁልቁለት ወርዷል! ያላት ነገር ሁሉ በልኩ የተቆረጠ ነው፤ ቃሏም እንዲሁ። «እቀራለሁ» ካለች ትቀራለች። ከቤት መኪናው ወጣና ቆርቆሮውን በእጁ አንኳኳ።

«ቤት ሆይ፣ ትርንጎን እቀፍልኝ፤ ትርንጎ ከመልስ አልመለስም አለችኝ።»

«አላቅፋትም፣» አለ ቤት መኪናው። «እኔ ቆርቆሮ ነኝ። ቆርቆሮ የሰጡትን ይቀበላል፤ ፀሐይ ቢሰጡት ፀሐይ፣ ውርጭ ቢሰጡት ውርጭ ነው። በቀዘቀዘ ክንድ ባቅፋት መቃብር እንጂ ቤት አልሆንላትም። መጀመሪያ እኔን የሚያሞቅ አምጣልኝ። ምድጃው ከጥግ ተጎልቶ የለም?»

ከደጅ፣ በተገለበጠ ጄሪካን ላይ፣ የአጥናፉ ሚዜ ቦጋለ ተቀምጦ ነበር። ሚዜ ከሙሽራው አይርቅም የሚለውን ሥርዓት አክብሮ ነው፤ ደግሞም ከሠርጉ የተረፈው ጠላ ገና አላለቀም። «እሰይ፣» አለ፣ «ሚስትህ ስትጣላህ ከመኪናህ ጋር ማውራት ጀመርክ። ገና ሳምንት ሳይሞላህ!»

አጥናፉ ግን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ፤ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባና ከጥቁሩ ብረት ፊት ተንበረከከ።

«ምድጃ ሆይ፣ ቤቱን አሙቅልኝ፤ ቤቱ ትርንጎን አላቅፍም አለኝ፤ ትርንጎም ከመልስ አልመለስም አለችኝ።»

«አላሞቅም፣» አለ ምድጃው፣ ሆዱን ነፍቶ። «ድሮ በርሜል ሳለሁ ውኃ ይሞሉኝ ነበር፤ ያኔ የሚጠየቀው ውኃ ነበር። ዛሬ እሳት ሞልታችሁኛልና እሳቱን ጠይቁት። ብረት ከራሱ አይግልም። እሳቱ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል፤ ሲሻው ያንኮራፋል፣ ሲሻው ያቃስታል። እሱን ቀስቅስልኝ።»

አጥናፉ የምድጃውን አፍ ከፈተ። ደረቅ የአስታ እንጨት ተደራርቦ፣ ከሥሩ አንዲት ቀይ ዓይን ብቻ ትታያለች። ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ዓይኗን ገለጥ ታደርጋለች፤ «ብርድ ገባ!» ተብሎ በሩ ሲዘጋ መልሳ ትከድናለች። አጥናፉ አሁንም በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ለመነ።

«እሳት ሆይ፣ ምድጃውን አግልልኝ፤ ምድጃው ቤቱን አላሞቅም አለኝ፤ ቤቱ ትርንጎን አላቅፍም አለኝ፤ ትርንጎም ከመልስ አልመለስም አለችኝ።»

«አላግልም፣» አለ እሳቱ በሰለለ ድምፅ። «ከእንጨቱ ጋር ጠብ የለኝም፤ ደረቅ ነው፣ ጨዋ ነው። ግን ቀና ልል ስሞክር ጢሱ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ሁለት ሰው በአንድ ወንበር አይቀመጥም። እሱን አስነሳልኝና የእሳት ዘር ምን እንደሚችል አሳይሃለሁ።»

ጢሱስ የት ነበር? ከጣሪያው ሥር እንደ ሠርግ ዳስ ተንጣሎ፣ ጫፉን ወደ ትርንጎ ዓይን አውርዶ ይዋኝ ነበር። አጥናፉ እያሳለው ቀና አለ።

«ጢስ ሆይ፣ ለእሳቱ ቦታ ልቀቅልኝ፤ እሳቱ ምድጃውን አላግልም አለኝ፤ ምድጃው ቤቱን አላሞቅም አለኝ፤ ቤቱ ትርንጎን አላቅፍም አለኝ፤ ትርንጎም ከመልስ አልመለስም አለችኝ።»

«አለቅም፣» አለ ጢሱ። «ሾፌር አይደለህ እንዴ? ተሳፋሪ ፌርማታው ሳይደርስ 'ውረድ' ይባላል? የኔ መውረጃ ሰማይ ነው፤ መንገዴም ቧንቧው ነው። ተሰልፌ እጠብቃለሁ፣ ቧንቧው አይስበኝም። እዚህ የተቀመጥኩት ወድጄ መሰለህ? የሙሽራ ዓይን ማስለቀስ ለኔም ስም አይሆነኝም።»

አጥናፉ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ተንጠላጠለ። ቦጋለ ከሥር ሆኖ አንጋጠጠ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ቧንቧውን ላነጋግር።»

«ጥቀርሻ ዘግቶት ይሆናል። ዘንግ ላቀብልህ?»

«ጠዋት በዘንግ ጠርጌዋለሁ፤ ጥርሱን እንደፋቀ ሰው ነው የጸዳው።»

«እንግዲያውስ ሰላም በልልኝ፣» አለና ቦጋለ ጽዋውን አነሳ።

አጥናፉ አፉን ወደ ቧንቧው አፍ አስጠግቶ እንዲህ አለ፤

«ቧንቧ ሆይ፣ ጢሱን ሳብልኝ፤ ጢሱ ለእሳቱ ቦታ አለቅም አለኝ፤ እሳቱ ምድጃውን አላግልም አለኝ፤ ምድጃው ቤቱን አላሞቅም አለኝ፤ ቤቱ ትርንጎን አላቅፍም አለኝ፤ ትርንጎም ከመልስ አልመለስም አለችኝ።»

«አልስብም፣» አለ ቧንቧው፣ ድምፁ ከሩቅ እንደሚነፋ መለከት ነበር። «አፌ ከሰማይ፣ እግሬ ከምድጃ ነው። ከላይ እንዳወጣ ከታች የሚገባልኝ ይኑር። ያልጎረሰ አፍ ምን ይተፋል? አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ መኪና ካልገፋልህ ዳገት ላይ ምን ትሆን ነበር? ነፋስን ጥራልኝ። እሱ ከሥር ካልረዳኝ እኔ ባዶ ቀንድ ነኝ።»

አጥናፉ ከጣሪያው ወርዶ ወደ ሜዳው ገሠገሠ፤ ቦጋለም ጽዋውን በጄሪካኑ ላይ ደፍቶ ተከተለው። ነፋስ በዚያ ሰዓት ሥራ የፈታ ጎረምሳ መስሎ በጓሳው ሣር ላይ ይንከባለል ነበር። ቦጋለን ሲያይ ሰላምታ ሳይሰጥ ባርኔጣውን ነጠቀው።

«ይሄ ባለጌ!» አለ ቦጋለ፣ ባርኔጣውን እየተከተለ።

አጥናፉ ግን ነጠላውን አደግድጎ፣ ለባላባት እንደሚቆም ሰው ቆመ።

«ነፋስ ሆይ፣ ቧንቧውን እርዳልኝ፤ ቧንቧው ጢሱን አልስብም አለኝ፤ ጢሱ ለእሳቱ ቦታ አለቅም አለኝ፤ እሳቱ ምድጃውን አላግልም አለኝ፤ ምድጃው ቤቱን አላሞቅም አለኝ፤ ቤቱ ትርንጎን አላቅፍም አለኝ፤ ትርንጎም ከመልስ አልመለስም አለችኝ።»

ነፋስ ሳቀ፤ ሲስቅም ሜዳው ሁሉ ተኛ ተነሳ።

«አልረዳም፣» አለ። «እስቲ መንገድ ላይ ሳለህ፣ መኪናህን ሞልተህ ስትከንፍ፣ እኔ በመስኮትህ ስጠጋ ተሳፋሪዎችህ ምን ይሉ ነበር?»

አጥናፉ አቀረቀረ። «'ነፋስ ገባ፣ ዝጉት፣ ልታስመቱን ነው' ይሉ ነበር።»

«ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ ላብ እየወረደ፣ አንዲቷ እናት እያቅለሸለሻት?»

«እንደዚያም ሆኖ።»

«አንተስ?»

«እዘጋ ነበር።»

«ታዲያ ዛሬ ምን አማረህ? ስሜን 'በሽታ' ብላችሁ ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ። ይሁን፣ ቂም ይዤ አይደለም። ቤትህን ዙሪያውን ዞሬዋለሁ፤ ጣት የምታህል ቀዳዳ አጣሁ። መስኮቱ አላስገባም አለኝ። መስኮቱን አናግርልኝ፤ ከገባሁ እኔ ሥራዬን አውቃለሁ።»

ፀሐይ ወደ ምዕራቡ ጋራ ትከሻ ዝቅ ማለት ጀምራ ነበር። አጥናፉ እየሮጠ ተመለሰ፤ ቦጋለም ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አቅፎ እያለከለከ። በቤት መኪናው ጎን፣ ከአልጋው ትይዩ፣ አንዲት ትንሽ ተንሸራታች መስኮት አለች።

«መስኮት ሆይ፣ ነፋሱን አስገባልኝ፤ ነፋሱ ቧንቧውን አልረዳም አለኝ፤ ቧንቧው ጢሱን አልስብም አለኝ፤ ጢሱ ለእሳቱ ቦታ አለቅም አለኝ፤ እሳቱ ምድጃውን አላግልም አለኝ፤ ምድጃው ቤቱን አላሞቅም አለኝ፤ ቤቱ ትርንጎን አላቅፍም አለኝ፤ ትርንጎም ከመልስ አልመለስም አለችኝ።»

«ም... ምም...» አለ መስኮቱ።

«ምን ይላል?» አለ ቦጋለ።

«አፉ ታፍኗል።»

እውነትም ታፍኗል። ከውጭ በኩል፣ ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ባና መስኮቱን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖ፣ በጠፍር ግራና ቀኝ ተጠፍሮ ነበር። አጥናፉ ጠዋት ይህንኑ ባና አይቶ «እሰይ፣ አሁን ብርድ መግቢያ አጣ!» ብሎ ደስ ብሎት ነበር። በሰማይ ጥግ ቤት ማሞቅ ማለት ቀዳዳ መድፈን ነውና፤ ልጅ እንኳ ሲጣላ «ቀዳዳችሁ አይደፈን!» ብሎ ይራገማል። መስኮቱ በባናው ሥር ሆኖ እንደምንም አጉረመረመ፤ «አላስገባም። እኔ ክፈቱት ሲባል እከፈታለሁ፣ ዝጉት ሲባል እዘጋለሁ፤ ግን ይህ ባና ዓይኔንም አፌንም ይዞኛል። መጀመሪያ እሱ ይልቀቀኝ።»

አጥናፉ የባናውን ጫፍ በአክብሮት ያዘ።

«ባና ሆይ፣ መስኮቱን ልቀቅልኝ፤ መስኮቱ ነፋሱን አላስገባም አለኝ፤ ነፋሱ ቧንቧውን አልረዳም አለኝ፤ ቧንቧው ጢሱን አልስብም አለኝ፤ ጢሱ ለእሳቱ ቦታ አለቅም አለኝ፤ እሳቱ ምድጃውን አላግልም አለኝ፤ ምድጃው ቤቱን አላሞቅም አለኝ፤ ቤቱ ትርንጎን አላቅፍም አለኝ፤ ትርንጎም ከመልስ አልመለስም አለችኝ።»

«አለቅም፣» አለ ባናው፣ በከባድና በሚሞቅ ድምፅ። «ጠጉሬን አጥበው የፈተሉኝ እትዬ አሰገደች፣ ለሸማኔ የሰጡኝ እትዬ አሰገደች፣ እዚህ የጠፈሩኝም እትዬ አሰገደች ናቸው። እኔ የሰው ፊት የማያይ ባና አይደለሁም፤ ያለ ባለቤቴ ፈቃድ ከቦታዬ ንቅንቅ አልልም። ትከሻ ፍለጋ ተፈጥሬ መስኮት ላይ መሰቀሌ ቢገርመኝም፣ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው።»

ቦጋለ አገጩን አሻሸ። «እንግዲህ በለው። እስካሁን ያነጋገርካቸው ግዑዛን ነበሩ፤ ቀላል ነው። አሁን አክስትህ ጋ ደረስን።»

እትዬ አሰገደች አጥናፉን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉ የእናቱ እህት ናቸው። ያን ሰዓት ከአጥሩ ሥር፣ የመጨረሻዋ ፀሐይ ባረፈችበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠጉር ይፈትሉ ነበር። እንዝርቱ በእጃቸው እየተሽከረከረ፣ አፋቸውም ከእንዝርቱ እኩል የማያርፍ ሴት ናቸው። አጥናፉ እጅ ነስቶ ቆመ።

«እትዬ፣ ባናውን ይፍቱልኝ፤ ባናው መስኮቱን አለቅም አለኝ፤ መስኮቱ ነፋሱን አላስገባም አለኝ፤ ነፋሱ ቧንቧውን አልረዳም አለኝ፤ ቧንቧው ጢሱን አልስብም አለኝ፤ ጢሱ ለእሳቱ ቦታ አለቅም አለኝ፤ እሳቱ ምድጃውን አላግልም አለኝ፤ ምድጃው ቤቱን አላሞቅም አለኝ፤ ቤቱ ትርንጎን አላቅፍም አለኝ፤ ትርንጎም ከመልስ አልመለስም አለችኝ።»

እንዝርቱ ቆመ።

«አልፈታም!» አሉ እትዬ አሰገደች። «አንተ ልጅ፣ አብደሃል? ሙሽራ ነፋስ ትመታ? ነገ መልስ ነው። በመልሱ ድግስ መካከል አንድ ጊዜ ብታነጥስ የቆላ ሰዎች ምን እንደሚሉ ታውቃለህ? 'እኛ በሙቀት ያሳደግናትን ልጅ ደጋዎቹ በሳምንት አስመትተው መለሷት' ይላሉ። ዘራችን ሁሉ በአንዲት ማነጠስ ይሰደባል!»

«ግን እትዬ፣ ጢሱ...»

«ጢስ አይገድልም፤ ነፋስ ነው የሚገድል።»

«ኧረ እትዬ፣» አለ ቦጋለ፣ «ጢስም ቢሆን ከልኩ ካለፈ...»

«አንተ ደግሞ ጠላህን ጠጣ፤ ለሚዜነት ነው የጠራንህ፣ ለምክር አይደለም።» ወደ አጥናፉ ዞሩ፤ ድምፃቸውም ለስለስ አለ። «ልጄ፣ እኔ ክፉ ሆኜ መሰለህ? ሌሊት ያን ባና ከራሴ ላይ ነው ያነሳሁት። ያቺ ልጅ እንደ ቄጠማ እየተንቀጠቀጠች እንዴት ነፋስ እለቅባታለሁ? ትርንጎ መንቀጥቀጧን ትተው፤ ያን ጊዜ እኔም እፈታለሁ።»

ቦጋለ ባርኔጣውን መሬት ላይ ጣለ። «ተገናኘ! ከትርንጎ ተነሣን፣ ትርንጎ ላይ ደረስን። ካልሞቃት አይፈታም፤ ካልተፈታ አይሞቃትም። ጌታው፣ እንደ አውድማ በሬ አንድ ቦታ ስንዞር ውለናል።»

አጥናፉ ወደ ምዕራብ ተመለከተ። ፀሐይ የጋራውን ጫፍ ነክታለች፤ ከአጥሩ ሥር ያለው ጥላ እየረዘመ መጥቶ ጫማው ላይ ደርሷል። ሁሉንም ለምኗል፤ ቆርቆሮውን፣ ብረቱን፣ ነፋሱን፣ አክስቱን። አንዲት ሰው ብቻ ሳይለምን ቀርቷል። ሁሉ ነገር ስለ እሷ ሲነገር ዋለ እንጂ ከእሷ ጋር የተነጋገረ አልነበረም፤ የጫጉላ ሙሽራ አትጠየቅም፣ ይደረግላታል እንጂ። ይህን ሲያስብ ከብርዱ ይልቅ ሐፍረቱ አንቀጠቀጠው። ወደ ቤት መኪናው ገባ፤ ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ቀዝቃዛ እጆቿን በሁለት እጁ ያዘ።

«ትርንጎዬ፣ መንቀጥቀጥሽን ተዪልኝ፤ እትዬ ባናውን አልፈታም አሉኝ፤ ባናው መስኮቱን አለቅም አለኝ፤ መስኮቱ ነፋሱን አላስገባም አለኝ፤ ነፋሱ ቧንቧውን አልረዳም አለኝ፤ ቧንቧው ጢሱን አልስብም አለኝ፤ ጢሱ ለእሳቱ ቦታ አለቅም አለኝ፤ እሳቱ ምድጃውን አላግልም አለኝ፤ ምድጃው ቤቱን አላሞቅም አለኝ፤ ቤቱ ትርንጎን አላቅፍም አለኝ፤ ትርንጎም ከመልስ አልመለስም አለችኝ።»

ትርንጎ ቀና አለች። «ማን? ማን አለችህ?»

«ትርንጎ።»

«የቷ ትርንጎ?»

«አንቺ ነሻ!»

«ለኔ ነው እኔን የምትከሰኝ?»

ከደጅ የቦጋለ ድምፅ መጣ። «ይግባኝ በይ እንጂ ሙሽሪት፣ ዳኛዋም አንቺው ነሽ!»

ትርንጎ ሳቀች። መጀመሪያ በከንፈሯ፣ ቀጥሎ በትከሻዋ፣ በመጨረሻ በመላ ሰውነቷ ሳቀች፤ ጋቢዎቹ እስኪወድቁ፣ ጢሱ ያስለቀሰው ዓይኗ በሳቅ እስኪያለቅስ። አጥናፉ እጆቿን እንደያዘ ነበርና ልብ አለ፤ መንቀጥቀጡ የለም። ሳቅ ቦታውን ወስዶበታል።

«አጥናፉ፣» አለች ሳቋን ስትውጥ፣ «በኛ አገር ነፋስ ሲገባ 'እሰይ' ነው የሚባለው። የእናቴ ቤት መስኮቱ መዝጊያ የለውም፤ ነፋስ ከእኛ ጋር ይተኛል፣ ከእኛ ጋር ይነሳል፤ እሳታችንም አያኮርፍም። ዛሬ ጠዋት ይህ ጢስ መታፈን ሲጀምር 'ያን መስኮት ክፈቱልኝ' ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ያሳደጉህ አክስት በእጃቸው የሠሩትን፣ መጤዋ ሙሽራ በአንድ ቀን አፈረሰችው እንዳይባል ነዋ! ይሉኝታ ያዘኝ። እሳቸው ለኔ ብለው፣ እኔ ለሳቸው ብዬ፣ በመሃል ሁላችንም በጢስ ልናልቅ ነበር።»

ይህን ብላ ተነሳች፤ የሙሽራ ወጉ ሳያግዳት በሩን ከፍታ ወጣች። እትዬ አሰገደች ድንገት ሲያዩዋት «ኧረ ነፋስ! ኧረ ልጄን!» ብለው ከድንጋዩ ተነሡ። ትርንጎ ግን ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ እሳቸውም ሊያነሷት ሲያጎነብሱ በጆሮአቸው ቀስ ብላ ተናገረች።

«እትዬ፣ አይቆጡኝ። ያን ባና ከመስኮቱ አውርደው ለኔ ይስጡኝ። መስኮት አይበርደውም፤ የሚበርደኝ እኔ ነኝ።»

እትዬ አሰገደች አዩዋት። ትከሻዋን አዩ፤ አልተንቀጠቀጠም። ጉንጯን አዩ፤ ሳቅ አቅልቶታል። ባናውን አዩ፤ ከራሳቸው ገላ ላይ አንሥተው ለቆርቆሮ አልብሰውታል። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ፤ ግን ሳቁ ከነጠላው ሥር አመለጠ።

«ወይ እኔ! ልጅቷን ትቼ መኪናውን አለበስኩት!»

እንዲህ ሆኖ ነገሩ ወደ መጣበት ተመለሰ። ትርንጎ መንቀጥቀጧን ተወች፤ እትዬ ጠፍሩን ፈቱ፤ ባናው መስኮቱን ለቆ ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ መስኮቱ ሁለት ጣት ያህል ተንሸራተተ፤ ነፋሱ ሾልኮ ገባ፤ ቧንቧው ጉሮሮውን ጠርጎ አገሳ፤ ጢሱ ተሰልፎ ወጣ፤ እሳቱ ወንበሩን አግኝቶ ዘለለ፤ ምድጃው ከሆዱ እስከ አንገቱ ጋለ፤ ቆርቆሮው «ጠሽ፣ ጠሽ» እያለ ሞቀ፤ ቤቱም ትርንጎን አቀፈ።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር፤ የጋራውን ጫፍ በአንድ ጣቷ ይዛ የቀረች ይመስል ነበር። ቦጋለ በር ላይ ቆሞ መዳፎቹን ወደ ሙቀቱ ዘረጋ። እትዬ አሰገደች ውስጥ ገብተው መስኮቷን በጥርጣሬ አዩ፤ እሳቱን በአድናቆት አዩ፤ ደግመው መስኮቷን አዩ። «ከሁለት ጣት አታስበልጡት፣» አሉ፣ «ነፋስም ቢሆን እንግዳ ነው፤ ቤቱን ሁሉ አይሰጡትም።» ትርንጎ ካባዋን አውልቃ ሰቀለች። ጋቢዎቹን አጣጥፋ መደርደሪያው ላይ አኖረች። ባናውን ግን ከትከሻዋ አላወረደችም፤ ከብርዱ ይልቅ ስጦታውን ለብሳ ተቀመጠች።

አጥናፉ ከምድጃው ፊት ተንበረከከ። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሲለምን የዋለ ምላሱ ለአንዲት ጥያቄ ብቻ አቅም አጣ፤ መልሷን ይፈራል፤ ነገ ለመልስ ይወርዳሉ፣ ከዚያስ? እንጨት ማስተካከል የማያስፈልገውን እሳት አስተካከለ።

ትርንጎ አየችውና ዞር ብላ እሳቱን እያየች፣ እንደ ዋዛ ጠየቀችው፤

«ለእትዬ ስንመለስ ምን እናምጣላቸው?»

አጥናፉ ከዚያ ሁሉ ቃል አንዲቱን ብቻ ሰማ። «ስንመለስ» የሚለውን።

«ለሚዜስ?» አለ ቦጋለ ከበሩ ላይ።

እነሆ፣ ያንቀጠቅጥ የነበረው ብርድ ወደ ሜዳው ሄደ፤ እኔም ቃሌን እዚህ ላይ አሳረፍኩ። ሙቀቱ ለእናንተ፣ ጢሱ ለሰማይ ይሁን።